120 የሚለውን ቁጥር አይቼ ያለፍኩበት ገና

ካቻምና ገና ሲቃረብ መብራት ሄደና መስኮት ላይ ሻማ ለኮስኩ። ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው፤ አመሻሽ ላይ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይገባል። መጋረጃው ሲያያዝ እማዬ በጋቢዋ አፍና አጠፋችው። ከዚያ ወዲህ «ሻማ መስኮት አጠገብ እንዳላይ» አለችኝ።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ይህን ስትሰማ አራት የኤሌክትሪክ ሻማ በሰው ላከችልኝ። እዚያ ለገና በየመስኮቱ የሚያቆሙት ነው። ነጭ የፕላስቲክ ዘንግ ሆኖ ጫፉ ላይ 7 ዋት የምትስብ ትንሽ አምፖል አለችው። ዕቃው በሰላም ደረሰ።

ስህተቱ የመጣው ከሶኬቱ ነው። መሰኪያው ሁለት ጠፍጣፋ ብረት ስለሆነ እኛ ግድግዳ ላይ አይገባም። ሥሩ ላይ «120 ቮልት» ይላል። አይቼዋለሁ። ለባለ ሱቁም አሳየሁት። «እህቴ፣ ይቺ አዳፕተር ሁሉንም ትቀይራለች፤ ሰክተሽ መጠቀም ነው» አለኝ። አመንኩት። አዳፕተሯ የምትቀይረው የመሰኪያውን ቅርጽ ብቻ እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። 7 ዋት የተባለው አምፖል በ220 ሲሰካ ከእጥፍ በላይ ኃይል ይስባል።

አራቱንም በአንድ ዲቫይደር አገናኝቼ ሰካሁ። ቦግ አሉ። እንደዚያ የደመቀ መብራት መስኮታችን ላይ አይቼ አላውቅም፤ የሁለት ዓመት ልጄ አጨበጨበች። ወዲያው አንደኛው ፈነዳና ብርጭቆው መስኮቱ ደፍ ላይ ተበተነ። ልጄን አንስቼ ወደ ኋላ ሸሸሁ። እሷን ለእማዬ ሰጥቼ እስክመለስ የሌላኛው ዘንግ በሙቀት ለስልሶ አዲሱ መጋረጃ ላይ ተደግፏል። ዳንቴሉ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል። ከሻማ እሳት ሸሽቼ ያመጣሁት ነገር አዲሱንም መጋረጃ ሊያቃጥልብኝ ነበር።

በማግስቱ አዳፕተሩን ይዤ ሄድኩ። ባለ ሱቁ «አጠቃቀሙን ስላላወቅሽበት ነው» አለኝ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ቁጥሩን ጣቴን ቀስሬ አሳይቼው ነበር! ከእሱ ይልቅ ግን በራሴ እናደዳለሁ፤ ማንበብ እችላለሁ።

ከውጭ ዕቃ የሚላክላችሁ ሰዎች፣ ዕቃው ወይም መሰኪያው ላይ «220» ወይም «100–240» ካልተጻፈ አትሰኩት። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ግዙ የሚላችሁም አለ። ለአራት ሻማ አያዋጣም ባይ ነኝ።

አሁን የምጠቀመው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ አራት የኤልኢዲ ሻማ ነው። አይሞቅም፣ መብራት ሲሄድም አይጠፋም። ዋቱን ተዉትና ሉመኑን እዩ፤ ድምቀቱን የሚነግራችሁ እሱ ነው። ሻጮች «ነጩ ይደምቃል» ይላሉ። ሐይቅ አጠገብ ለምንኖር ግን ቢጫው፣ 2700 ኬልቪን የሚለው ይሻላል፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ነጭ ትንኙን ሁሉ መስኮት ላይ ይሰበስባል። ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ቆጣቢ ነው ቢባልም እኔ ተውኩት። አንዱ 1.2 ቮልት ስለሆነ ሁለቱ 2.4 ይሆናሉ፤ ሁለት ተራ ባትሪ ግን 3 ይሞላል። በደንብ የሚደምቀው በተራው ነው።

ልጅ ያላችሁ ደግሞ ትንንሾቹን፣ በእጅ ሰዓት ባትሪ የሚሠሩትን፣ ቤት አታስገቡ። ያቺ ክብ ባትሪ ከተዋጠችና ጉሮሮ ላይ ከቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። ልጅ ከዋጠ ለማስታወክ አትሞክሩ፤ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው። የባትሪው ክዳን በብሎን የሚታሰር መሆኑን ሳላይ ምንም አልገዛም።

የእኔዎቹ አንዴ ከበሩ ስድስት ሰዓት ቆይተው ራሳቸው ይጠፋሉ። መመሪያው ሲመሽ አብሩ ይላል። እንደዚያ ካደረግኩ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ይጠፋሉ፤ የገና ቅዳሴ ደግሞ ገና አላለቀም። ስለዚህ አምና ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አበራኋቸው። ቅዳሴ አልቆ ስንመለስ ከመንገዱ ማዶ ታዩን። እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች «አሁንም አሉ?» አለች። አራቱም ነበሩ።