ጋለሪ ልትከፍቱ ነው? መጀመሪያ ስለ ማርጌት ልንገራችሁ

ሰሞኑን ሀገር ቤት ያሉ ልጆች ደውለውልኝ ነበር። በአንድ የክልል ከተማ ጋለሪ ሊከፍቱ ነው። ቤት አግኝተዋል፣ ኪራዩ ቀላል አይደለም፣ ግድግዳውን ነጭ ሊቀቡት ነው፣ መብራቱን ከዱባይ ሊያስመጡ ነው። ስለ ግድግዳና ስለ መብራት ብዙ አወራን። በመጨረሻ «ማነው የሚመጣው?» አልኳቸው። ጸጥ አሉ። ከዚያ አንዱ «ሰው ይመጣላ!» አለኝ።

ሰው ዝም ብሎ አይመጣም። ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። እዚህ እንግሊዝ ውስጥ፣ ማርጌት የምትባል የባህር ዳር ከተማ ላይ የተከፈተ፣ ተርነር ኮንቴምፖራሪ የሚባል ጋለሪ በመጀመሪያ ዓመቱ ማንም ያልጠበቀውን ያህል ሰው አስገብቷል። እንዴት እንደሆነ በስልክ ቆንጠር አድርጌ ነገርኳቸው፤ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ዓመተ ምህረቶቹ የፈረንጆቹ ናቸው፣ ወደኛ ስመጣ እናገራለሁ።

ማርጌት በኬንት ግዛት ጫፍ ላይ ያለች፣ 60 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ ነች። ድሮ የለንደን ሰው በበጋ ቤተሰቡን ይዞ የሚወርደው እዚያ ነበር። ቀን አሸዋ ላይ ይውላል፣ ማታ ድሪምላንድ የሚባለው መዝናኛ ገብቶ ይጮሃል። ከዚያ የስፔን በረራ ረከሰ። ሞቅ ያለ ባህር በትንሽ ብር እየተገኘ ማን በብርድ ይንቀጠቀጣል? ሆቴሎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፣ ብዙዎቹ ወደ ርካሽ ኪራይ ክፍል ተቀየሩ። ድሪምላንድም ተዘጋ። በ1920 የተሰራውን የእንጨት መጫወቻ ባቡሩን በ2008 እሳት ጎዳው። ዋናው የገበያ መንገድ ላይ መስኮቱ በጣውላ የተመታ ሱቅ በዛ፤ በሀገሪቱ ባዶ ሱቅ የበዛባቸው ከተሞች ሲጠሩ ማርጌት ከፊት ነበረች።

ይቺ ከተማ ታዲያ አንድ ትልቅ ስም ነበራት። ተርነር። የእንግሊዝ ሰዓሊዎች ሲነሱ መጀመሪያ ከሚጠሩት አንዱ ነው። ልጅ ሆኖ ማርጌት ተምሯል። ከጎለመሰ በኋላም እየተመላለሰ ሚስስ ቡዝ የሚባሉ ሴት ቤት ያርፍ ነበር (ነገሩ በኋላ ከአከራይና ከተከራይ አልፏል፣ እሱን እንተወው)። የሚወደው የዚያን አካባቢ ሰማይ ነው። እና የግዛቱ ምክር ቤት «በዚህ ሰው ስም ጋለሪ እንስራ፣ ከተማዋ ትነሳለች» አለ።

የመጀመሪያው ንድፍ ጉድ ነበር። ህንፃው ባህሩ ውስጥ ሊቆም ነበር! ስኖሄታ የተባለው የኖርዌይ የአርክቴክቶች ድርጅት ከእንግሊዛዊው ስቲቨን ስፔንስ ጋር ሆኖ ውድድሩን በ2001 አሸነፈ። ወረቀት ላይ ሲታይ አፍ ያስከፍታል። ማዕበሉን የሚችል ህንፃ ለመስራት ግን ወጪው በየጊዜው እያሻቀበ ሄደ። በ2006 ምክር ቤቱ እጁን አንስቶ ነገሩን ሰረዘው። ነገሩ በህግ ሙግትም አልፏል። የከተማው ሰው ምን እንዳለ መገመት አይከብድም።

እኔ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ግን ይህንን ባዶ ጊዜ ነው። ህንፃ የለም። ጋለሪው ግን ስራ ጀምሯል! ስም አለው፣ ሰራተኛ አለው፣ ዳይሬክተር አለችው፣ ቪክቶሪያ ፖመሪ። ከዋናው መንገድ ላይ ከተዘጉት ትልልቅ ሱቆች አንዱን፣ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የለቀቀውን ቤት ያዙና እዚያ ማሳየት ጀመሩ። ድሮ ካልሲና ሹራብ ይገዛበት የነበረ ቤት ስለሆነ ሰው ለመግባት አያፍርም። አስፓልቱን ተሻግሮ ዘው ነው።

በዚያው ሰሞን አርትኤንጅል የተባለ ሌላ የጥበብ ድርጅትም ከተማዋ ውስጥ ይሰራ ነበር። ዌንዲ ኢዋልድ የምትባል አሜሪካዊት ፎቶ አንሺ ከሌላ ቦታ ወደ ማርጌት የመጡ ልጆችን፣ ከጦርነት የሸሹም አሉበት፣ ካሜራ ይዛ አብራቸው ሰራች። የልጆቹ ፊት በትልልቅ ሸራ ታትሞ ባህር ዳሩ ላይ ተሰቀለ። በ2006 ደግሞ አንቶኒ ጎርምሊ የሚባለው እንግሊዛዊ ቀራጺ ከተማው ከጣለው አሮጌ በርና ወንበር ምናምን 25 ሜትር የሚሆን ሰው አቆመና አነደደው። እንደ ደመራ ማለት ነው። የተቃጠለው የየቤቱ እቃ ነዋ! እንግዲህ ነጭ ግድግዳው ሳይቆም በፊት የማርጌት ሰው ስነ ጥበብ የሚባለውን ነገር በእጁ ነክቶታል፣ ተከራክሮበታል፣ ሰድቦታልም።

ህንፃው በመጨረሻ የተሰራው በየብስ ላይ፣ የሚስስ ቡዝ ቤት በነበረበት ስፍራ ነው። አርክቴክቱ ዴቪድ ቺፐርፊልድ፣ ወጪው 17.5 ሚሊዮን ፓውንድ። እውነቱን ልናገር፣ ከውጭ ሲያዩት የቃሊቲ መጋዘን ነው የሚመስለው። ነጭ፣ ጣሪያው ዘመም ዘመም ያለ። ብዙ ሰው አልወደደውም። ውስጡ ሲገባ ግን ሌላ ነው። ብርሃኑ ከሰሜን፣ ከባህሩ በኩል ይገባል፣ ሰዓሊ የሚመኘው ዓይነት።

ሚያዝያ 16 ቀን 2011 ተከፈተ። በ12 ወር ውስጥ የገባው ሰው ወደ ግማሽ ሚሊዮን ተጠጋ። የከተማዋን ህዝብ ስንት እጥፍ እንደሆነ እናንተው አስሉት። ለንደን ያለ ትልቅ ሙዚየም ቢሆን አያስገርምም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሰው የማያልፍበት ከተማ ላይ ነው ይህ የሆነው። በእርግጥ ከለንደን የሚመጣው ፈጣን ባቡር መጀመሩም ረድቷል። መግቢያው ነፃ መሆኑ ደግሞ ከሁሉም በላይ።

በዚያ ዓመት ምን አሳዩ? በመክፈቻው ላይ ኤለን ሃርቪ የምትባል አርቲስት አንድ ትንሽ ቤት ሰርታ ነበር። ቅርፁ ተርነር ለንደን ውስጥ ከነበረው የራሱ ጋለሪ የተወሰደ ነው። ውስጡ መስታወት፣ መስታወቱ ላይ የተቀረፀው ያው የማርጌት ባህር ዳር፣ ከነተዘጋው ከነፈረሰው። ልብ በሉ፣ ከተማዋን ለማሽሞንሞን አልሞከሩም። ሰው ገብቶ የራሱን ሰፈር አየ። ከዚያ ስለ ወጣትነት የሚያወራ ትልቅ ኤግዚቢሽን መጣ፤ ማርጌት በ1964 ሞድስና ሮከርስ የሚባሉ የጎረምሳ ቡድኖች የተደባደቡባት ከተማ ነችና ነገሩ የቤታቸው ወሬ ነው። ከዚያ በ2012 መጀመሪያ የተርነር ስዕሎች ራሳቸው መጡ።

እኔም የሄድኩት ያኔ ነው። የጓደኛዬ እናት ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ነበርና የልጅ ልጃቸውን ጨምረን ይዘናቸው ወረድን። በሩ ላይ «መግቢያው ስንት ነው?» አሉ።

«ነፃ ነው፣ እማማ።»

«ነፃ? ታዲያ እነዚህ ሁሉ ሰራተኞች ምን ይበላሉ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚበሉት የመንግስትና የግዛቱን ምክር ቤት ገንዘብ፣ የለጋሽ እርዳታ፣ ትንሽም ከካፌና ከሱቅ የሚገባ ነው። ይህንን እያስረዳኋቸው ገባን። ፊት ለፊታችን የፈረንሳዊው ቀራጺ የሮዳን «መሳሳም» ቆሟል። ከሰው ቁመት የሚበልጡ፣ እርቃናቸውን የተቃቀፉ ወንድና ሴት፣ በእብነ በረድ። ለንደን ያለው ቴት ጋለሪ ለአንድ ዓመት ገደማ አውሶት ነው። እማማ ነጠላቸውን ሳብ አደረጉና የልጁን ዓይን ሸፈኑት።

«እንዴ! ይሄንን ሕፃን እያየ?»

ልጁ በነጠላው ቀዳዳ እያየ ይስቃል። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አንዲት ሰራተኛ መጣች፣ የማርጌት ልጅ ነች። ትቆጣለች ስል ፈገግ ብላ «ምን አሉ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ብቻቸውን አይደሉም በላቸው» አለችና ታሪኩን አወጋችን። ይህ ሐውልት በ1914 ሉዊስ በምትባል ሌላ የእንግሊዝ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ቆሞ ነበር። ጦርነት ነው፣ ከተማው በወታደር ተሞልቷል። አንዲት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርትና መሰሎቻቸው «ጎረምሶቹን ልባቸውን ያነሳሳዋል» ብለው አቤት አሉ። ሐውልቱ አንሶላ ተደረበበት። ቴት ከመግዛቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው እንግዲህ።

ተረጎምኩላቸው። እማማ ከት ብለው ሳቁ። «እንግዲያው የኔ ቢጤ እዚህም ነበረች በለኛ!» ከዚያ በኋላ ዘና አሉ፣ ሴትየዋን እጇን ይዘው ነው የዞሩት። የተርነርን ማዕበል ሲያዩ ብዙም አልመሰጣቸው። ወደ ባህሩ በሚያሳየው ትልቅ መስኮት ጋ ሲደርሱ ግን ቁጭ አሉና «ይሄኛው ይሻላል» አሉኝ በአገጫቸው እየጠቆሙ። ሰዓሊው ራሱ የሚጣላቸው አይመስለኝም።

ለልጆቹ በስልክ ደጋግሜ የነገርኳቸው ስለዚያች ሰራተኛ ነው። ብዙ ጋለሪ ያየሁት ጥበቃው ጥግ ላይ ቆሞ እንዳትነኩ ሲጠብቅ ነው። እዚህ ስራዋ ማውራት ነው። ሰፈሩን ታውቃለች፣ ሰው አታሳፍርም፣ እውቀቷን አትጭንም። ለመብራት የያዛችሁትን ብር ግማሹን እንዲህ ላለ ሰው ደመወዝ አድርጉት።

የመጀመሪያው ዓመት ወረት ነው ያሉ ነበሩ። አልሆነም። በ2018 ያደረጉት ደግሞ ከሁሉም ያስቀናል። ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤሊየት በ1921 ታሞ ማርጌት ሲያገግም የዋናውን ረጅም ግጥሙን የተወሰነ ክፍል እዚያ ባህር ዳር ጽፏል። በዚህ ጉዳይ ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ የትኛው ስዕል ይግባ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን የተወያዩት የከተማው ነዋሪዎች ነበሩ። በጎ ፈቃደኞች ሰብሰብ ብለው ለዓመታት እየተገናኙ፣ እያነበቡ፣ እየተጨቃጨቁ። «ህብረተሰቡን እናሳትፋለን» የሚለው ነገር እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ስብሰባ ጠርቶ ውሃና ቆሎ ማደል ነው። እነዚህ ቁልፉን ነው የሰጡት። በቀጣዩ ዓመት የተርነር ሽልማት የሚባለው የእንግሊዝ ታዋቂ የስነ ጥበብ ውድድር እዚያው ተካሄደ፣ አራቱ እጩዎች «አታወዳድሩን» ብለው አንድ ላይ ወሰዱት። ጋዜጣው ሁሉ ያወራው ስለዚያ ነበር፤ ለኔ ግን የ2018ቱ ይበልጣል።

አሁን ደግሞ የማያምረውን። ጋለሪው ሲደምቅ አሮጌው ሰፈር ካፌና የአሮጌ እቃ ሱቅ በሱቅ ሆነ። ጥሩ ነው። ለንደን ኪራይ ያስመረራቸው አርቲስቶች ጓዛቸውን ጠቅልለው መጡ። እሱም ጥሩ ነው። ከዚያ የቤት ዋጋ ወጣ፣ ኪራይ ወጣ። የከተማው ሰው ከለንደን ለሚወርደው መጤ የአሽሙር ስም አወጣለት። ከጋለሪው በእግር ትንሽ ሄድ ብትሉ ክሊፍተንቪል ትደርሳላችሁ፤ ምዕራቡ ክፍል በእንግሊዝ በጣም ድሃ ከሚባሉት ሰፈሮች አንዱ ነው፣ ከጋለሪውም በኋላ። ስለዚህ «ጋለሪ ከተማ ያነሳል» ሲባል ማንን እንዳነሳ መጠየቅ ነው። ግማሽ ሚሊዮን ሰው ገባ የሚለው ቁጥር ይህንን አይነግራችሁም። ጋለሪው ኪራይ አላስወደደም ልትሉኝ ትችላላችሁ፤ ሙሉ በሙሉ ጥፋተኛ አልለውም፣ ሙሉ በሙሉ ነፃም አልለውም።

«እንግሊዝ ነውና ገንዘብ አላቸው» አለኝ ከልጆቹ አንዱ። እውነት ነው፣ አላቸው። ግን መካኒሳ ሂዱና ዞማ ሙዚየምን እዩት። በ2011፣ በኛ አቆጣጠር፣ ነው የተከፈተው። መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ በጭቃና በጭድ፣ አያቶቻችን በሚያውቁት መንገድ ገነቡት። ከስዕሉ ሌላ አትክልት አለ፣ ላም አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ። ስዕል አይቶ የማያውቅ ሰው ልጁን ይዞ ላም ሊያሳይ ይገባል፣ ከዚያ ኤልያስ ከኮምፒውተር ስብርባሪና ከሽቦ የሰራውን ትልቅ ስራ ፊት ይገተራል። ሙዚየሙ ከመኖሩ በፊትም የዞማ ሰዎች ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ መንደር ድረስ ወርደው ሰርተዋል። አዲስ አበባ ያሉት አብዛኞቹ የኤግዚቢሽን መክፈቻዎች ግን፣ አትቀየሙኝ፣ ያው አንድ ዓይነት ሰው ነው የሚሽከረከርባቸው። ያው ሰላምታ፣ ያው ወይን በፕላስቲክ ብርጭቆ፣ በሳምንቱ ጥበቃው ብቻ።

ልጆቹን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። ቤቱን ሳትቀቡ ለጥቂት ወር ገበያው መሀል አንድ ባዶ ሱቅ ተከራዩ። ባለጉልቱም፣ ተማሪውም፣ ባጃጅ ነጂውም ይግባ። ምን ማየት እንደሚፈልጉ ጠይቁ፣ ደስ ካላቸው ፎቷቸውን ስቀሉ፣ ሲሰድቧችሁም ስሙ። «እናስብበታለን» አሉኝ። ይህ በኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ግን ሱቅ ማየት ጀምረናል የሚል መልእክት ትናንት ልከውልኛል።

እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ሂዱና እዩት። ለንደን ካለው የሴንት ፓንክራስ ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቲኬቱን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ፣ በዕለቱ ከሆነ ኪስ ያራቁታል። ጎርምሊ በ2017 ባህሩ ዳር ያቆመውን የብረት ሰው ማየት ከፈለጋችሁ ውሃው የሚሸሽበትን ሰዓት አረጋግጡ፣ አለዚያ ውሃ ብቻ አይታችሁ ነው የምትመለሱት። ሰኞ አትሂዱ፣ ዝግ ነው።