ከኮንሶ ቁልቁለት እስከ ቱርሚ፦ የፊት ጎማ ኩሽኔታና ኦይል ሲል ነገር

በአሮጌ ላንድክሩዘር ወደ ደቡብ ኦሞ የሚወርድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ሞተሩ ነው። ባለ 4.2 ሊትሩ ስድስት ሲሊንደር ናፍታ ሞተር ግን ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረለት ብዙ ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ የፊት ጎማዎቹ ጀርባ ነው። እዚያ የተደበቁት ኦይል ሲሎች፣ ማለትም ዘይትና ግራሶ እንዳያልፍ የሚያሽጉት ቀለበቶች፣ ዋጋቸው ትንሽ ነው። ሲያልቁ ግን ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታም ኃይል ወደ ጎማው የሚያስተላልፈውን ጆይንትም ይዘው ነው የሚሄዱት።

በሚያዝያ ከጓደኛዬ ጋር ከአዲስ አበባ ተነስተን ወደ ቱርሚና ኦሞራቴ ወረድን። ሚያዝያ በዚያ አካባቢ የዝናብ ወቅት ነው። በጋ ላይ ደረቅ አሸዋ የሆነ ወንዝ ላይኛው አገር ሲዘንብ ድንገት ይሞላል። መኪናችን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራች ሃርድቶፕ ናት። ከፊት ሙሉ አክስልና ባሌስትራ አላት፤ የፊት ጎማውን ከአክስሉ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ፍሪ ዊሏ ወርደው በእጅ የሚቆልፉት ዓይነት ነው። ከመነሳታችን በፊት ሶማሌ ተራ ዞረን ለሁለቱም የፊት ጎማ የሚሆን ሲል፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮንና መቆለፊያ ቀለበት ገዝተን ሳጥን ውስጥ አስገባን። ኩሽኔታ ስገዛ ማሸጊያውን አላምንም፤ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከአሮጌው ጋር አስተያያለሁ፣ በእጄም አሽከረክረዋለሁ።

አሠራሩን ላላየው ሰው ባጭሩ ላስረዳ። አክስሉ መሃል ላይ ያለው ዲፈረንሻል ዘይት ይዟል። ጎማው በሚታጠፍበት ጫፍ ደግሞ ትልቅ ክብ ብረት አለ፤ ኳሱ እንበለው። በኳሱ ውስጥ ጆይንቱ በግራሶ ተሞልቶ ይሠራል። ዘይቱን ከግራሶው የሚለየው አንድ የውስጥ ኦይል ሲል ብቻ ነው። እሱ ከደከመ ዘይቱ ወደ ኳሱ ይገባና ግራሶውን ያቀጥነዋል። የቀጠነው ድብልቅ ኳሱን ዙሪያውን በሚጠርገው ፈልትና ላስቲክ በኩል ይወጣል። ሌላ ሲል ደግሞ በሞዞው፣ ማለትም ጎማው በሚታሰርበት የመሃል ክፍል፣ ጀርባ አለ። የእሱ ሥራ ሁለቱን የጎማ ኩሽኔታዎች ከውሃና ከአቧራ መጠበቅ ነው።

ስለዚህ ኳሱን ማየት ይበቃል። ስስ የግራሶ ቅባት ካለበት ጤነኛ ነው። ጥቁር ፈሳሽ ወደ ታች ከወረደ፣ ጎማው በውስጥ በኩል ከረጠበ የውስጡ ሲል አልቋል ማለት ነው። አርባ ምንጭ አድረን ጠዋት ከጨሞና ከአባያ ሐይቅ ፊት ለፊት ቆመን ስናይ የቀኙ ደህና ነበር። የግራው ግን ታችኛው ጠርዙ ላይ እርጥብ ብሏል። ዕቃው ሳጥናችን ውስጥ ስላለ ቱርሚ ደርሰን እንከፍተዋለን ብለን ጉዟችንን ቀጠልን።

ኮንሶን ያላየ ይየው። በድንጋይ እርከን የተሠራው ተራራ በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ መንገዱ በእርከኖቹ መካከል ነው የሚያልፈው። ከኮንሶ ከተማ ከካራት ወደ ወይጦ ሸለቆ ሲወረድ ግን ሾፌር ዓይኑ እርከኑ ላይ፣ እግሩ ፍሬን ላይ ከሆነ ችግር ነው። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፣ ታች ያለው ሙቀትም ከባድ ነው። ፍሬኑ ሲግል ሙቀቱ ወደ ሞዞው ያልፋል፣ ግራሶውም ይሳሳል። እኛ በከባድ ማርሽ ቀስ ብለን ወረድን። ወይጦ ስንደርስ የሁለቱንም ፊት ጎማዎች ሞዞ በእጅ ነካን። ዋናው ነገር ሁለቱን ማወዳደር ነው። አንዱ እጅ የማያስነካ፣ ሌላው ለብ ያለ ከሆነ ወይ ፍሬኑ ይዟል፣ ወይ ኩሽኔታው ከልክ በላይ ጠብቋል። የእኛዎቹ እኩል ነበሩ።

ከአርቦሬ በኋላ ውሃ ገጠመን። ጥልቀቱ ብዙ ባይሆንም ሞዞው ላይ ይደርሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የጋለ አክስል ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፣ ይኮማተራል፣ ከውጭ ይስባል። መተንፈሻ ቱቦው ከተደፈነ የሚስበው በደከመው ሲል በኩል ነው። የሚስበው ደግሞ ውሃ ነው። እኛ ዳር ቆመን ሻይ ጠጣን፣ አርቦሬ ልጆች መጥተው መኪናዋን ዞሩልን፣ ሞዞው ሲቀዘቅዝ ተሻገርን። ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ምንም አያስከፍልም።

ቱርሚ ካስኬ ወንዝ አጠገብ ማንጎ ጥላ ሥር ሰፈርን። በነጋታው ጠዋት የግራውን ጎማ አነሳነው። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፈን ክሪኩን ከአክስሉ ሥር አስገባን። ጎማው ከመውለቁ በፊት አንድ ምርመራ አለ፤ እሱን ዘሎ ማለፍ አይገባም። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወደ ራስህና ወደ ውስጥ ትነቀንቀዋለህ። ክፍተት ካለው ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥልህ። ፍሬን ሲያዝ ክፍተቱ ከጠፋ የጎማ ኩሽኔታው ነው። ካልጠፋ ጎማው የሚታጠፍባቸው የላይና የታች ኩሽኔታዎች ናቸው። የእኛ ከክፍተቱ የተወሰነው ጠፋ፣ ትንሽ ግን ቀረ። ቀጥሎ አንድ እጅ ባሌስትራው ላይ አድርጎ ጎማውን በሌላው ማሽከርከር ነው። የተበላ ኩሽኔታ ጆሮ ሳይሰማው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። ድምፁ እስኪሰማ የሚጠብቅ ሰው ኩሽኔታ ሳይሆን ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን ስፒንድል ነው የሚገዛው።

የፍሬን ሸራውን የያዘውን ካሊፐር ፈትተን በሽቦ አንጠለጠልነው፤ በፍሬን ቱቦው ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም። ፍሪ ዊሉን የያዙት ሾጣጣ ቀለበቶች አይወጡም ብለው አስቸገሩን። ከጎን በነሐስ ዘንግ መታ መታ ሲደረጉ ብቅ አሉ። የሞዞው ዳዶ 54 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለእሱ የሚሆን ቁልፍ ከቤት ይዘን ነበር። ብዙ ቦታ ይህን ዳዶ በመሮና በመዶሻ ሲፈቱት አይቻለሁ፤ በጣም ያናድደኛል። ጥርሱ ይበላል፣ ፍላጩ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል።

የውጩ ኩሽኔታ ግራሶ ቀለሙ ደህና ነበር። የውስጡ ግን ማኪያቶ መስሏል። ያ ቀለም ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ የሞዞው ሲል ከንፈሩ ደርቆ ተሰንጥቋል። ኩሽኔታዎቹን በናፍታ አጥበን በጨርቅ አደረቅናቸውና በፀሐይ ብርሃን አንድ በአንድ አየን። ሰማያዊ ቀለም ካለ ግሎ ያውቃል፤ ጥቃቅን ጉድጓድ ካለ ተበልቷል። የውስጡ ኩሽኔታ ሁለት ሮለሮች ላይ ጉድጓድ ነበረ፤ ከውጪ ቀለበቱ ጋር ለወጥነው። አሮጌ ቀለበት ላይ አዲስ ኩሽኔታ መግጠም አዲሱን በቶሎ ማስበላት ነው።

ግራሶ አሞላሉ የእጅ ሥራ ነው። መዳፍ ላይ ጉብ ይደረግና የኩሽኔታው ሰፊ ጎን በግራሶው ላይ ይጫናል። በጠባቡ በኩል በየሮለሩ መካከል ብቅ እስኪል መቀጠል ነው። ላዩን ብቻ የተቀባ ኩሽኔታ መሃሉ ደረቅ ነው።

ስፒንድሉን ስናወጣ ቀጭን ጥቁር ፈሳሽ ዝርግፍ አለ፤ አርባ ምንጭ ያየነው እርጥበት ምንጩ ይኸው ነበር። አክስሉ ውስጥ ያለውን ዘንግ ስበን አሮጌውን የውስጥ ሲል ነቀልን። አዲሱን ከንፈሩን ግራሶ ቀብተን በእንጨት ደግፈን እኩል አስገባነው። ዘንጉ ሲመለስ ደግሞ ከፍ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። ክብደቱ ሲሉ ላይ ካረፈ ጥርሶቹ አዲሱን ከንፈር ይቆርጡታል፣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ዘንጉ ላይ ሲሉ የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍር ፈተሽኩት። ጥፍር የሚይዝ ጎድጎድ ያለ መስመር ቢኖረው ኖሮ አዲስ ሲልም ባልያዘ ነበር።

መጨረሻ ላይ ዳዶውን 60 ኒውተን ሜትር ያህል አጠበቅነው፣ ኩሽኔታው ቦታውን እንዲይዝ ሞዞውን ወዲያ ወዲህ አሽከረከርነው፣ ዳዶውን አላላነው፣ ከዚያ በጣም ቀለል አድርገን መልሰን ያዝነው። ከዚያ ቀለበቱና ሁለተኛው ዳዶ ይቆልፉታል። በግምት ጥብቅ አድርጎ መተው በሙቀት ላይ ኩሽኔታውን ያቃጥለዋል።

የላይና የታቹ ኩሽኔታ ግን ማንጎ ሥር የሚሆን ሥራ አልነበረም። ጥብቀቱ በስስ ቀለበቶች የሚስተካከል፣ በስፕሪንግ ሚዛን የሚለካ ነው። ወደ ኦሞራቴ ያለው መንገድ ደህና ስለነበር ፍሪ ዊሉን ፈትተን ዳሰነች አገር ደርሰን ኦሞ ወንዝን አየን። ፍሪ ዊሉ ሲፈታ አክስሉ ውስጥ ያለው ዘንግ አይዞርም፣ የውስጡ ሲልም ያርፋል።

በመልስ ጉዞ አርባ ምንጭ አንድ ጋራዥ ገባን። ባለሙያው ሽበት የወረራቸው ሰው ናቸው። ስለ ኳሱ ስነግራቸው መጀመሪያ ያዩት አክስሉ ላይ ያለችውን መተንፈሻ ነበር።

«ይቺን አይተሃታል ልጄ?»

«አዎ ጋሼ፣ ጠርጌያት ነበር።»

«ከላይ ጠርገሃታል። ውስጧ ጭቃ ነው። በዚህ ካልተነፈሰች በሲሉ በኩል ትተነፍሳለች።»

ነቅለው በሽቦ አጸዱና ረጅም ላስቲክ ቱቦ ገጥመው ጫፉን ሞተሩ ክፍል ውስጥ ከፍ አድርገው አሰሩት። ወንዝ ለሚያቋርጥ መኪና ከዚህ የረከሰና ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አላውቅም። ከዚያ የላይና የታቹን ኩሽኔታ፣ ፈልቱንና ላስቲኩን ቀየሩ። በሚዛን እየሳቡ ቀለበት ጨመሩ፣ ቀነሱ፣ መልሰው ለኩ። አጠገባቸው ቆሜ ሳይ አንድም ጊዜ አልቸኮሉም።

አዲስ አበባ ስንደርስ የዲፈረንሻሉን መሙያ ከፈትኩ። የዘይቱ ልክ እንደሞላነው ነበር፤ ቀለሙም አልነጣም። የግራው ኳስ ላይ ስስ ቅባት ብቻ አለ። የቀኙን ሞዞ ከክረምቱ በፊት እከፍተዋለሁ። ባይረጥብም ያንኑ ውሃ አብሮ ተሻግሯል፤ ዕቃው ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ነው።