አፌ የለመደው ፊሽካ

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ቮሊቦል እንጫወታለን። የጅማ ዝናብ ፋታ ከሰጠን ማለቴ ነው። ካልሰጠን ቡና እየጠጣን ስለ ጨዋታው ስናወራ እናመሻለን። ሜዳችን ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለ ባዶ ቦታ ነው። ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ ዳኛው እኔ ነኝ። ረዳት የለኝም። መስመሩን በእንጨት የምጭረውም እኔው ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ልጅ ሰርቭ ሲመታ የቡድኑ ልጆች ቦታ ተቀያይረው ቆመው አየሁ። ወዲያው ነፋሁ። ልጁ ዞር ብሎ፣ «ዳኛ፣ እሱ እኮ ቀርቷል!» አለኝ።

እውነቱን ነው። ያ ጥፋት የነበረው ድሮ ነው። በፈረንጆቹ 2025 በወጣው ሕግ ሰርቭ የሚመታው ቡድን ተጫዋቾች ሜዳቸው ውስጥ እንደፈለጉ መቆም ይችላሉ። ተራ ጠብቆ መምታቱ ግን አልቀረም። ተቀባዩ ቡድንም አሰላለፉን መጠበቅ አለበት። ይህን ሁሉ አንብቤዋለሁ። አፌ ግን የለመደውን ነፋ።

ማታ ሳስበው ነገሩ ገረመኝ። በትልልቅ ውድድር ከአዲሱ ሕግ በፊት ዋናው ዳኛ የመቺውን ቡድን አሰላለፍ፣ ሁለተኛው ዳኛ የተቀባዩን ያዩ ነበር። እኔ ብቻዬን ነኝ። የመቺው እግር መስመር ረገጠ? ካፏጨሁ 8 ሰከንድ አለፈ? እነዚህ እዚህ ማዶ ቦታቸውን ይዘዋል? እነዚያስ? ይህን ሁሉ ኳሷ እስክትመታ ነበር የማየው። አየሁ ብል ውሸታም ነኝ። እግሩን አያለሁ፣ ሌላውን በግምት እሞላዋለሁ። አሁን አንዱ ሸክም ወረደልኝ።

ታዲያ ምን ቅር አሰኘኝ? ኳስ ውጭ ስትወድቅ ሕፃን ልጅም «አውት!» ይላል። የቦታ ጥፋትን ግን ቆጥሬ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለካ በዚያች ፊሽካ ትንሽ እኮራባት ነበር።

አብረውን የሚጫወቱ አንድ ጋሼ አሉ። በእሳቸው ጊዜ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ የመታው ቡድን ብቻ ነበር። ጨዋታውም በ15 ያልቅ ነበር። መረብ የነካ ሰርቭ ደግሞ ጥፋት ነበር። ይህ በፈረንጆቹ 2000 አካባቢ ተቀይሯል። ጋሼ ግን እስከ ዛሬ ኳሷ መረብ ነክታ ስታልፍ እጃቸውን አጣጥፈው ይቆማሉ። ከዚያ እኔን ያዩኛል። ሁሌ እስቅባቸው ነበር።

ቅዳሜ ስህተቴን አምኜ ሰርቩ ይደገም አልኩ። ልጁ ደገመው። ኳሷ የመረቡን ጫፍ ነክታ ጋሼ እግር ሥር ዱብ አለች። አልተነቃነቁም። አዩኝ።

«ነጥብ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። አልሳቅኩም።