የልጄ ቀኝ እጅ

እግዚአብሔር ይመስገን። አራት ዓመት አልፎትም ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ልጄ የተወለደው እዚሁ ሐዋሳ፣ መስከረም 7 ሌሊት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ጭንቅላቱ ወጣ። «አይዞሽ፣ አለቀልሽ» አሉኝ። አላለቀም። ትከሻው ተያዘ። የአዋላጇ ድምፅ ተለወጠ። «ሰው ጥሩልኝ!» አለች። ሁለት ሆነው ጉልበቴን ወደ ደረቴ አጠፉት። አንዷ ከእምብርቴ በታች በመዳፏ ተጫነችኝ። የግድግዳው ሰዓት ይታየኛል። እሱ ይቆጥራል፣ ልጄ አይመጣም። «እግዚኦ ማኅረነ ክርስቶስ» ማለት ጀመርኩ። አርባ አንዱን ማድረስ ቀርቶ ሦስቴ መድገም አቃተኝ። «እግዚኦ፣ እግዚኦ» ብቻ።

ወጣ። አላለቀሰም። ጠቁሯል። ጠረጉት፣ ጀርባውን አሹት፣ አየር ሰጡት። ዝም። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ አንዲት ቀጭን ለቅሶ ሰማሁ። ከእኔ ቀድማ እልል ያለችው አዋላጇ ናት። ሲስተር፣ ይህ ከደረሰሽ እግዚአብሔር ዘርሽን ይባርክ!

ሲመዝኑት 4 ኪሎ ከ600 ነበር። ሲነጋ ልብስ ላለብሰው ቀኝ እጁን ሳነሳው፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተመልሶ ወደቀ። ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ትከሻውና ክርኑ ግን በድን ናቸው። ሐኪሙ ትከሻው ሲያዝ ከአንገት ወደ እጅ የሚወርዱት ነርቮች ተስበው እንደተጎዱ ነገረን። ኧርብ ፓልሲ ይባላል። «ነርቭ የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው። በሦስት ወሩ ክርኑን ካጠፈ ጥሩ ምልክት ነው፤ ካላጠፈ ቀዶ ሕክምና ሊታሰብ ይችላል» አለን።

ዳይፐር በቀየርኩ ቁጥር ፊዚዮቴራፒስቷ እንዳሳየችኝ ክንዱን ቀስ አድርጌ አንቀሳቅሳለሁ። ሦስት ወሩ ሞላ። አልታጠፈም።

ታኅሣሥ 19 አዝዬው ገብርኤል ሄድኩ። ከተማው ነጠላ በነጠላ ሆኗል። ሰው ስለቱን እያስገባ እልል ይላል። እኔ ተናደድኩ፣ አልደብቅም። «ሦስቱን ልጆች ከእሳት ያወጣህ፣ የአንድ ሕፃን ክንድ ከበደህ?» አልኩት። እግዚአብሔርንም «ምን በደልኩህ?» አልኩት። ሳልሳለም ተመለስኩ። አማቴ ፊቴን አይተው ገባቸው። «ተቆጪው ልጄ፣ አባትሽ አይደል? ከደጁ ብቻ እንዳትርቂ» አሉኝ። እማማ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

በሦስተኛው ቀን ሳፋ ውስጥ እያጠብኩት ውኃ አፍንጫው ላይ ጠብ አለበት። ፊቱን አጨማደደ። ቀኝ ክርኑ ታጠፈ! ጥቂት ነው፣ ግን ጡጫው ደረቱ ላይ ደረሰ። ሳሙናው ከእጄ አመለጠ። «እማማ!» ብዬ ጮህኩ። እጃቸው ሊጥ እንደሆነ ሮጠው መጡ። አፌ ላይ የመጣልኝ የማርቆስ ወንጌል ነው፤ «እጅህን ዘርጋ አለው። ዘረጋትም፥ እጁም ዳነች።» እማማ «ዛሬ እኮ 22 ነው፣ የገብርኤል ብሥራት!» ብለው መሬት ሳሙ። እኔ የሳፋውን ጠርዝ ይዤ አለቀስኩ። ይቅርታም ጠየቅሁት።

ከዚያ ሁለት ዓመት ፊዚዮቴራፒ ተመላለስን።

አሁንም ቀኝ እጁ እንደ ግራው ከፍ አይልም። በግራው አማትብ ብንለው ግን እሺ አይልም። ማታ ማታ አጠገቤ ይቆምና ቀኝ እጁን ያነሳል፣ ያነሳል፣ የቀረውን ግንባሩን ዝቅ አድርጎ ይሞላዋል።