ፍሬን ሳይያዝ

ሰሞኑን ሰውነቴ የሚተሳሰረው ሌላ ቦታ ሆኗል። ድሮ ጂም በዋልኩ ማግስት የሚያመኝ ደረቴና ክንዴ ነበር። አሁን ከጎድን አጥንቴ ሥር ጀምሮ በሁለቱም ጎን እስከ ዳሌዬ፣ ከዚያ ደግሞ መቀመጫዬ ነው። ሳል ቢመጣብኝ ወይ ቢያስነጥሰኝ ወዲያው አውቀዋለሁ። ይህን ሁሉ የምታመጣብኝ ሦስት ኪሎ የምትመዝን አንዲት ሜዲስን ቦል፣ ማለትም ለስፖርት ልምምድ የምትወረወር ከባድ ኳስ ናት። የጎልፍ ምቴ ላይ ጉልበት ትጨምርልኝ ብዬ ነበር የያዝኳት። እየቆየች ግን ስለ ምቱም ስለ ራሴም አንዳንድ ነገር ታሳየኝ ጀምራለች፤ ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

የጎልፍ ኳስ ክብደት ቢበዛ 45.93 ግራም ነው፤ ሕጉ ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ረጅሙ ዱላ፣ ድራይቨሩ፣ ከ300 ግራም ብዙም አያልፍም። «ይቺን ለመምታት ደግሞ ስፖርት መሥራት ምን አመጣው?» የሚል ወዳጅ አለኝ። ነገሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው እለዋለሁ። ዱላው ከላይ ተነስቶ ኳሷ ላይ እስኪደርስ የሚፈጅበት ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው። ዱላውና ኳሷ የሚነካኩበትማ የሰከንድ አንድ ሺኛ ግማሹ ያህል ብቻ። ጡንቻ ያለውን ጉልበት ሁሉ አሰባስቦ ለማውጣት ከሩብ ሰከንድ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ መቶ ኪሎ ብረት ከመሬት የሚያነሳ ሰው ያን ሁሉ ጉልበት እንደያዘው ምቱ ሊያልቅበት ይችላል። ኳሷ ጋ የሚደርሰው በዚያች ቅጽበት የወጣው ብቻ ነው፤ የቀረው ቀረ።

ታዲያ ያንኑ ብረት በፍጥነት እያነሱ መሥራት አይበቃም ወይ? እኔም ለራሴ ብዙ ጊዜ የጠየቅኩት ነው። ችግሩ ብረት አይለቀቅም። ምንም ያህል በፍጥነት ብንገፋው መጨረሻው ላይ መቆም አለበት፤ አለዚያ ትከሻችንን ይዞት ይሄዳል። ሰውነት ደግሞ ብልህ ነው፤ መቆም እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ገና መንገዱን ሳያጋምስ ፍሬን መያዝ ይጀምራል። ፍጥነት የለመድን እየመሰለን ማቆም እንለማመዳለን። ሜዲስን ቦል ግን ከእጅ ትወጣለች። የሚያስቆማት ስለሌለ እስከ መልቀቂያዋ ድረስ ፍጥነት እየጨመሩ መሄድ ይቻላል። የጎልፍ ምትም ኳሷን አልፎ መሄድ አለበት፤ ኳሷ ላይ ደርሶ የሚያልቅ ምት የትም አያደርስም። ለእኔ የዚህ ልምምድ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የቀረው ዝርዝር ነው ማለት ይቻላል፤ ዝርዝሩን ግን እወደዋለሁ።

በተለይ የጎን ውርወራዋን። በቀኝ ስለምመታ ዒላማዬ ሁልጊዜ በግራ በኩል ነው፤ ስለዚህ ግድግዳው በግራዬ እንዲሆን በጎን እቆማለሁ። አንድ ሁለት እርምጃ ራቅ እላለሁ። እግሬን ከትከሻዬ ትንሽ ሰፋ፣ ጉልበቴን ላላ። ቀኝ እጄ ከኳሷ ኋላ፣ ግራው ከሥሯ። ኳሷን ወደ ቀኝ ዳሌዬ ሳመጣት ክብደቴ ቀኝ እግሬ ላይ ይተኛል፤ መተኛቱን የማውቀው የቀኝ መቀመጫዬ ጡንቻ ሲወጠር ነው። እዚያ መቆየት የለም። ተለጥጦ ወዲያው የሚኮማተር ጡንቻ ቆም ብሎ ከሚጀምረው የበለጠ ጉልበት ይሰጣል፤ ሊዘል የተነሳ ሰው መጀመሪያ ዝቅ የሚለውም ለዚሁ ነው። ቀኝ እግሬ መሬቱን ይገፋል፣ ግራ ዳሌዬ ይከፈታል፣ ደረቴ ይከተላል፣ እጆቼ መጨረሻ ይደርሳሉ። ኳሷ ትወጣለች።

ይህ ቅደም ተከተል መጠበቁና አለመጠበቁ በጆሮ ይታወቃል። እጄ ከቀደመ ኳሷ ግድግዳውን ለስለስ ብላ ነክታ እዚያው ሥሩ ዱብ ትላለች። ዳሌዬ ከቀደመ ድምፁ ደረቅ ነው፤ ኳሷም ሆዴ ድረስ ተመልሳ ትመጣለች። አሰልጣኝ አጠገቤ ባይኖርም ግድግዳው አይዋሽም። ጎልፍ ሜዳ ላይ ይህን ያህል ግልጽ መልስ አላገኝም፤ ኳሷ ወደ ቀኝ ስትሄድ ከአያያዜ ነው፣ ከአቋቋሜ ነው፣ ከዱላው ፊት ነው እያልኩ ሳስብ ቀጣዩ ምት ይደርሳል። የጎበዝ መቺዎች ምት በመለኪያ ሲጠና የሚታየውም ይኸው ነው፦ ወደ ታች ሲወርዱ መጀመሪያ የሚፈጥነው ዳሌ ነው፣ ቀጥሎ ደረት፣ ቀጥሎ ክንድ፣ መጨረሻ ዱላው። እያንዳንዱ ፍጥነቱን ለቀጣዩ አስረክቦ እሱ ይቀዘቅዛል።

አንድ የማልስማማበት ነገር አለ። ሰው ሁሉ «ወገብህን ጠምዝዘው» ይላል። የታችኛው ጀርባችን አምስት አከርካሪዎች ተደምረው ወደ አንድ ጎን ቢዞሩ አሥር ዲግሪ ገደማ ነው። ምት ሲነሳ ትከሻ ወደ 90፣ ዳሌ ወደ 45 ዲግሪ ይዞራል ከተባለ ያ ሁሉ ዙረት ከወገብ ሊመጣ አይችልም። የሚዞሩት የዳሌ መገጣጠሚያዎችና የጎድን አጥንት የያዘው የላይኛው ጀርባ ናቸው። በመሀል ያሉት የሆድና የጎን ጡንቻዎች ሥራቸው ከእግር የመጣውን ጉልበት መንገድ ላይ ሳያስቀሩ ወደ ደረት ማሳለፍ ነው። ወደ ግራ ስንዞር የቀኙ ውጫዊ የጎን ጡንቻና የግራው ውስጣዊ ጡንቻ በሰያፍ ተሻግረው አብረው ይስባሉ። እነሱ ከላሉ እግር የፈለገውን ያህል ቢገፋ እጅ ጋ የሚደርስ ነገር የለም። ጎልፍ ተጫዋቾችን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ጉዳት የታችኛው ጀርባ ሕመም መሆኑም አይገርምም፤ ዳሌና ደረት መዞር ሲያቅታቸው ወገብ የእነሱን ሥራ ሊሠራ ይሞክራል።

ስለዚህ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ እግራቸውን አንስተው፣ ከባድ ኳስ ግራ ቀኝ የሚያመላልሱትን ሳይ ሆዳቸው እንደሚቃጠል አልጠራጠርም፤ ለጎልፍ ምት ምን እንደሚያተርፍላቸው ግን አይገባኝም። ዳሌ መሬት ላይ ከተቀመጠ ማን ይቀድማል? ኳሷስ መቼ ትለቀቃለች? ወገብ ጎብጦ ሳለ መጠምዘዙ ደግሞ ጭራሽ አያምረኝም።

ክብደቷን በተመለከተ፣ ለውርወራ ከሁለት እስከ አራት ኪሎ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ስድስት ኪሎዋን ስይዝ ውርወራው ወደ መግፋት ይለወጣል፤ ትከሻዬ ይነሳል፣ ጀርባዬ ለመርዳት ይንጋደዳል፣ ድምፁም ይጠፋል። ጂም ውስጥ ከባዷን አስቀምጦ ቀላሏን ማንሳት ትንሽ ያሳፍራል፣ አልዋሽም። ፍጥነት ፍለጋ ከሆነ የመጣነው ግን ቀላሏ ናት የምታመጣው።

አንዳንድ ቀን የቀኝ ጉልበቴን መሬት አስነክቼ ተንበርክኬ እወረውራለሁ። እግር ከጨዋታው ሲወጣ ሆድና ጎን ምን ያህል እንደሚሠሩ ብቻቸውን ይታያሉ፤ ዳሌ ሳይወላገድ ደረት መዞር መቻሉም እንዲሁ። ሌላው ከራስ በላይ አንስቶ መሬት ላይ መፈጥፈጥ ነው። ይሄኛው በእጅ ብቻ ከተሠራ ትርፉ ድካም ነው፤ በእግር ጣት ተነስቶ፣ ሆድን አጥብቆ፣ መላ ሰውነትን ይዞ መውረድ አለበት። ለዚህ የምትነጥር ኳስ አትሆንም። የላስቲኳ ኳስ ተመልሳ አፍንጫ ትፈልጋለች፤ በአሸዋ የተሞላችዋ ባረፈችበት ትቀራለች።

ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ማረፉ ነው። በእያንዳንዱ ጎን አምስት ስድስት ውርወራ፣ ሦስት ዙር፣ በየመሀሉ ከአንድ ደቂቃ ያላነሰ እረፍት፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ያውም ሰውነት ከተሟሟቀ በኋላ፣ ብረት ከመነካቱ በፊት፣ ነርቭና ጡንቻ ገና ትኩስ ሳሉ። ላብ እንኳን በቅጡ አይወጣም። ስፖርት ማለት ማለክለክ ነው ብሎ ላደገ ሰው ቆሞ ግድግዳ እያዩ ደቂቃ መቁጠር ቅጣት ነው። ግን ሳያርፉ ሲደጋግሙት ኳሷ ቀስ እያለች ትመጣለች፣ ሰውነትም ቀስ ማለትን ይለምዳል። እኔ ድምፁ ሲደክም አቆማለሁ፤ የቀረ ዙር ቢኖርም ይቅር።

በሁለቱም ጎን ያልኩት በምክንያት ነው። የታላላቆቹ ወንድ ባለሙያዎች ድራይቨር ኳሷን ሲያገኛት በሰዓት ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይበራል። ይህን ፍጥነት ከምቱ በኋላ የሚያስቆመው የራሳቸው አካል ነው። ማስቆም የማይችል ሰውነት ደግሞ መጀመሪያውኑ ሙሉ ፍጥነት አይፈቅድም። ስለዚህ በማልመታበት ጎን መወርወሩም፣ ከግድግዳ የተመለሰችውን ኳስ በዳሌና በጉልበት አለስልሶ መቀበሉም የልምምዱ አካል ነው። ፍሬን የሚያስፈልገው ኳሷ ከሄደች በኋላ ነው፤ ክፋቱ ከዚያ በፊት ሲያዝ ነው። ወገቡን ቀድሞ ያመመው ሰው ግን ይህን ሁሉ ከመሞከሩ በፊት ለሐኪም ወይም ለፊዚዮቴራፒስት ቢታይ ይሻለዋል።

ስለ ሜዲስን ቦል ሳነብ ያሳቀኝ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የኸርበርት ሁቨር ታሪክ ነው። ከ1929 እስከ 1933 በሥልጣን ላይ ሳሉ ሰውነታቸው እንዳይከብድ ብሎ ሐኪማቸው ጆኤል ቡን አንድ ጨዋታ ፈጠረላቸው፤ 2.7 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ሜዲስን ቦል ከፍ ባለ መረብ ላይ እየወረወሩ መቀባበል። ባለሥልጣናቱ ጠዋት ጠዋት በኋይት ሐውስ ግቢ ይጫወቱት ነበር። ኳሷ ከእኔዋ ብዙም አትለይም።

በጎልፍ በኩል ደግሞ ጋሪ ፕሌየር አለ፣ ደቡብ አፍሪካዊው። ብረት ማንሳት የጎልፍ ተጫዋችን ያደርቀዋል በሚባልበት ዘመን ብረት ያነሳ ነበር። ቁመቱ 1.68 ሜትር ገደማ ነው፤ በ1965 ዩኤስ ኦፕንን ሲያሸንፍ አራቱንም ትልልቅ ውድድሮች ያሸነፈ ሦስተኛው ሰው ሆነ። በእኛ ዘመን ሮሪ ማክልሮይ 1.75 ሜትር ሆኖ ከሩቅ መቺዎቹ ተርታ ነው። ቁመቴን ሰበብ ማድረግ ያቆምኩት እነዚህን ሰዎች ሳስብ ነው።

እኔስ ምን አተረፍኩ? ድራይቨሬ እንደ ድሮው አይደለም፣ ራቅ ይላል። ከዚያ ይልቅ የሚሰማኝ መጨረሻዎቹ ጉድጓዶች ላይ ነው፤ ድሮ እዚያ ስደርስ እግሬ ዝሎ በእጄ ብቻ እመታ ነበር። ግን ፍጥነት ስህተትንም አብሮ ያርቃል። የዱላው ፊት በጥቂት ዲግሪ ከተከፈተ ቀድሞ ዳር ላይ የምትቀረው ኳስ አሁን ዛፍ ውስጥ ትገባለች። የዱላውን ፊት ሜዲስን ቦል አታስተምርም፤ እሱ የሚስተካከለው ዱላውን ይዞ ብቻ ነው። ውርወራ ብቻውን ምቴን ያሻሽልልኛል የሚል ሰው ካለ ግማሹን ነው ያየው።

ከሁሉ በላይ የማሰላስለው ሌላ ነገር ነው። ግድግዳው ፊት ስቆም ያለኝን ሁሉ እሰጣለሁ። ኳሷ የት ታርፋለች የሚል ሐሳብ የለም፤ ግድግዳ ሰፊ ነው። ያው ሰውዬ፣ ያው ዳሌ፣ ሜዳ ላይ ስቆም ግን ምቱ ሳይጋመስ እጄ ይጨብጣል፣ ደረቴ ይቆማል። ውሃው አለ፣ አሸዋው አለ፣ ከኋላ የሚያይ ሰው አለ። ብረት ሲገፋ ሰውነት መቆም እንደሚመጣ አውቆ ቀድሞ ፍሬን እንደሚይዝ ጽፌያለሁ፤ ፍርሃትም የሚያደርገኝ ይህንኑ ነው። ጡንቻዬን አጠናክሬ ይህን አልፈታውም። ያስገረመኝ ደግሞ የተጨበጡት ምቶች ከተለቀቁት ይልቅ ቀጥ ብለው አለመሄዳቸው ነው። ፈርቼ የቀነስኩት ርቀት ትክክለኛነት አይገዛልኝም፤ ዝም ብሎ ይባክናል።

ለሚመጡት ሳምንታት ሁለት ነገር አስቤያለሁ። አንደኛው የጎን ውርወራዋ ላይ እርምጃ መጨመር ነው፤ ቀኝ እግር ከግራው ኋላ ተሻግሮ፣ ግራው ወደ ግድግዳው ሲረግጥ መወርወር፣ ክብደት ወደ ዒላማው መሄዱ እንዲጎላ። ሁለተኛው ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ዱላ አንስቼ፣ ኳስም ዒላማም ሳይኖር፣ ጥቂት ምት በሙሉ ፍጥነት መምታት። አየሩን ሲሰነጥቅ የሚያወጣውን ድምፅ እሰማለሁ፤ ዱላው ጮክ ብሎ ማፏጨት ያለበት ኳሷ ልትሆን የሚገባት ቦታ ላይ ነው። ቀኝ ትከሻዬ አጠገብ ካፏጨ ቀድሜ ጨርሻለሁ ማለት ነው። ከዚያ ቀስ ብዬ ኳስ አስቀምጣለሁ፣ መጀመሪያ ሰው በሌለበት ሰዓት።