ልጄ አፉን ሳይፈታ ሲዘገይ ያደረግኩት

ልጄ 19 ወር ሲሞላው አፉ ላይ ያለችው ቃል «እማ» ብቻ ነበረች። እኔንም እማ፣ አባቱንም እማ፣ ውሃውንም ዶሮዋንም እማ። በዚያው ሰሞን እኩያው የሆነችው የጎረቤታችን ልጅ በራፍ ላይ ቆማ «ቡና ጠጡ» እያለች ሰው ትጣራ ነበር።

የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ስጋቴን የነገርኩት ሰው ሁሉ የሰጠኝ መልስ ተመሳሳይ ነው፤ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው።» አማቴ ከደንበጫ መጥተው «አባቱም ሦስት ዓመት እስኪሞላው ዝምተኛ ነበር፤ አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው፤ ፍቅራቸውን አውቃለሁ። ወንዶች በአማካይ ከሴቶች ትንሽ ዘግየት ማለታቸውም እውነት ነው። ግን ልዩነቱ ያን ያህል ሰፊ አይደለም። ወንድ ስለሆነ ነው ብሎ ነገሩን መዝጋት አይቻልም።

ሌሊት ሌሊት ስልኬን ከፍቼ ልጅ ከሰው ጋር የሚግባባበትን መንገድ ስለሚለውጠው የእድገት ሁኔታ፣ ስለ ኦቲዝም፣ አነባለሁ። ባነበብኩ ቁጥር ፍርሃቴ ይብሳል እንጂ የማደርገው ነገር አይታየኝም። ያሳረፈኝ ደብተር ገዝቼ መጻፍ መጀመሬ ነው። «አይናገርም» ብዬ አልጻፍኩም። የሚያደርገውን በአንድ ገጽ፣ የማያደርገውን በሌላ ገጽ አሰፈርኩ። ስሙን ስጠራው መቼ ይዞራል? የሚፈልገውን በጣቱ ይጠቁማል ወይስ እጄን ይዞ ይጎትተኛል? አውሮፕላን ሲያይ «እዪልኝ» በሚል ዓይን ወደ እኔ ይመለከታል? «ጫማህን አምጣ» ስለው፣ እጄን ሳላወዛውዝ፣ ይገባዋል? በስልክ ደግሞ አጫጭር ቪዲዮ ቀረጽኩ። ልጅ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ወይ ያለቅሳል ወይ ይደበቃል፤ ቤት ውስጥ የሚሆነውን የሚያሳየው ቪዲዮው ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ክብደቱንና የክንዱን ዙሪያ ለክተው «ልጅሽ ደህና ነው፣ ዝም ብለሽ ጠብቂ» ብለው ሸኙኝ። ይህ እስካሁን ያበሳጨኛል። የክንድ ዙሪያ ስለ ምግቡ ይናገራል፤ ስለ ጆሮውና ስለ ንግግሩ ግን ምንም አይልም። የልጆች ሐኪም አፈላልጌ ሄድኩ። ዶክተሯ ደብተሬን ተቀብላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው። ስለ ቃላት ከመጠየቋ በፊት ስለ መጠቆም ጠየቀችኝ። በ18 ወር አካባቢ ልጅ የገረመውን ነገር ለሰው ለማሳየት በጣቱ መጠቆም አለበት አለችኝ። የእኔ ልጅ ይጠቁማል፣ ዓይን ለዓይን ያያል፣ ሲስቅ አብሬው እንድስቅ ይፈልጋል። ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች የተዘጋጀውን ኤም-ቻት የሚባለውን 20 ጥያቄም ጠየቀችኝ። ይህ መጠይቅ ኦቲዝም አለ ወይም የለም ብሎ አይፈርድም፤ የበለጠ መታየት ያለበትን ልጅ ይለያል። በ15 ወሩ መራመዱንም ነገርኳት። እስከ 18 ወር ድረስ ያለው ጤናማ ነው አለች። እኛ ግን ወፌ ቆመች እያልን ስንጠብቅ ስንት ቀን ተጨንቀን ነበር!

አንድ ነገር አጥብቃ ነገረችኝ። በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን፣ ልጅ ይናገረው የነበረውን ቃል ወይም ያደርገው የነበረውን ነገር ካቆመ፣ ቀን ሳይቆጠር መታየት አለበት።

ከዚያ «ጆሮው ተመርምሯል?» አለችኝ። «ሳህን ስናንኳኳ ይዞራል» አልኳት። ቤት ውስጥ እንደዚያ ነበር የፈተንነው። እሷ ግን በከፊል ብቻ የሚሰማ ልጅም ለሳህን ጩኸት ይዞራል አለች። የሚያመልጡት ቀጫጭኖቹ የንግግር ድምፆች ናቸው። ብዙ ጊዜ ጉንፋንና የጆሮ ሕመም ይይዘው እንደነበር ደብተሩ ላይ ስላየች ወደ ባሕር ዳር ወደ ጆሮ ሐኪም ጻፈችልኝ።

መንገዱ በሚዘጋጋበት ጊዜ ስለነበር ቀጠሮው አንዴ አለፈን። መንገዱ ሲከፈት በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላ አድርገን ገባን። ትንሽ ነገር ጆሮው ላይ ደግነው የታምቡሩን እንቅስቃሴ በማሽን ለኩት። ልጁ መልስ እንዲሰጥ አይጠበቅበትም፤ እቅፌ ውስጥ ሆኖ አለቀ። በሁለቱም ታምቡሮች ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሟል። ሐኪሙ ጭንቅላትን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሰው ሲያወራ እንደ መስማት ነው ብሎ አስረዳኝ። አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወር ውስጥ በራሱ ይደርቃል፤ ካልደረቀ ታምቡሩ ላይ ትንሽ ቱቦ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ እንደገና እንድንመጣ ቀጠሮ ሰጠን። ይህ ጥበቃ ከመጀመሪያው «ዝም ብለሽ ጠብቂ» ጋር አንድ አይደለም፤ ምን እንደምንጠብቅና እስከ መቼ እንደምንጠብቅ እናውቃለን።

ጠበልም ወስጄዋለሁ። እምነቴ ነው። ካህኑም የሐኪሙን ቀጠሮ አታስተጓጉዪ ብለውኛል።

የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአገራችን በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ሥራው ቤት ውስጥ ሆነ። ቁጭ ብዬ ፊቴ እንዲታየው አድርጌ ነው የማወራው። ቴሌቪዥኑን አጠፋን፤ ድምፁ ራሱ የእኔን ድምፅ ይውጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የ2019 መመሪያም ለ1 ዓመት ልጅ ስክሪን አይመክርም። ውሃ ሲፈልግ ቶሎ ብዬ አልሰጠውም። «ውሃ ወይስ ወተት?» እለውና ዝም እላለሁ። ዝም ማለቱ ነው ከባዱ። ቤተሰቡ ሁሉ ልጁ ሳይጠይቅ መስጠት ለምዷል፤ አባቱን ማስተው ራሱ ሥራ ነበር። «ውሃ» ሲል እኔ አንድ ቃል እጨምራለሁ፤ «ውሃ ስጪኝ።» ድገም ብዬ ግን አላስጨንቀውም።

ከሁሉም የበለጠ የጠቀመን ኩኩሉ ነው። ታላላቆቹ የአክስቱ ልጆች «ኩኩሉ!» ሲሉ ገና ተደብቆ ያልጨረሰው «አልነጋም!» ይላል። ጥሪውም መልሱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ለልጅ ቀላል ነው። እኔ «ኩኩሉ!» ብዬ ዓይኑን እያየሁ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ይስቃል። በኋላ «አ…» ማለት ጀመረ። ከዚያ «አነጋ!» መጣች። ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

አሁን ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል። በሁለተኛው ምርመራ አንደኛው ጆሮ ደርቋል፣ ሌላው እየቀነሰ ነው። «አባ መጣ»፣ «ውሃ ስጪ» ይላል። ከእኩዮቹ አሁንም ወደኋላ ነው፤ ይህን ደብቄ ለራሴ አልዋሽም። ዶክተሯ በ3 ዓመቱ እንግዳ ሰው አብዛኛውን ንግግሩን ሊረዳው ይገባል ብላኛለች። እኔና አባቱ ለዚህ ዳኛ አንሆንም፤ ጆሮአችን ለምዶታል። በቀደም የሰፈራችንን ባለሱቅ ምን እንዳለው ጠየቅኩት። «ብስኩት ማለቱ ገብቶኛል፤ ስለ መኪና ያለው ግን አልገባኝም» አለኝ። ለቀጣዩ ቀጠሮ እንዲሆነኝ ጻፍኩት።