ከሐይቅ እስከ ቢስቲማ፦ የጫት ማሳዎችን ሳይ

ከደሴ ወደ ሐይቅ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለቱ ይበዛል። ጠዋት ደሴ መናኸሪያ ላይ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ የተሳፈረ ሰው ሱሉላ ሳይደርስ ማውለቅ ይጀምራል። እኔ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሁሉ ነገሩ ይንቋቋል፤ የማይንቋቋው መስኮቱ ብቻ ነበር፣ እሱም ስለማይከፈት ነው።

ቁልቁለቱን ስናጋምስ ከፊት ለፊታችን አንድ አይሱዙ ጡሩምባውን ሳያቋርጥ እየነፋ ሽቅብ መጣ። ሾፌራችን ምንም ሳያንገራግር ዳር ያዘ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት አፋቸውን በነጠላቸው እንደሸፈኑ «ጫት ነው፣ ይለፍ» አሉ። ታማሚ የጫነ መኪና ቢሆን ኖሮ እንዲህ ቶሎ መንገድ የምንለቅለት አይመስለኝም።

የመጣሁትም ለዚያ ጭነት ነው። የመጀመሪያውን ሐሳብ ያመጣው ኮምቦልቻ አብሮኝ ያደገ፣ ዛሬ በአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ ፈቃድ ባለው የካናቢስ ማብቀያ ቤት ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ ጓደኛዬ ነበር። የኮሎራዶ ግዛት መራጮች እ.ኤ.አ. በ2012 በድምፃቸው ስለፈቀዱት፣ በእኛ አገር ዕፀ ፋርስ የሚባለው ተክል እዚያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2014 ጀምሮ በሱቅ ይሸጣል፤ ለአዋቂ ሰው በቤቱ እስከ 6 ተክል ማሳደግም ይፈቀድለታል። በእኛ የወንጀል ሕግ ግን አንቀጽ 525 ያለ ፈቃድ ማብቀሉንም፣ መያዙንም፣ መሸጡንም፣ መጠቀሙንም ያስቀጣል። ጓደኛዬ ስለ ሥራው ሲያወራ መስኮት ስለሌለው አዳራሽ ነው የሚያወራው። ፀሐዩ መብራት፣ ነፋሱ ማራገቢያ ነው። ተክሉ ሲያድግ በቀን 18 ሰዓት ብርሃን ያገኛል፤ እንዲያብብ ሲፈለግ ወደ 12 ሰዓት ይቀነስለታል፣ ቀኑ አጠረ፣ ወቅቱ ዞረ ብሎ እንዲያምን። ሁለት የተለያዩ ዘሮች ተዳቅለው የወጡለትን «እናት» ተክል መርጠው ከእሷ ቅርንጫፍ እየቆረጡ ያባዛሉ፤ ተባዕቱን ይነቅላሉ። ዋናው ጉዳይ ኃይሉ ነው። በአሜሪካ ፖሊስ ከያዘው ካናቢስ ላይ በተደረገ ምርመራ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ከመቶ 4 ገደማ ነበር፤ በ2014 ከመቶ 12 ገደማ ደርሷል። ገዢ ብልቃጡን አንሥቶ መጀመሪያ የሚያነበው ይህን ቁጥር ነው ይለኛል።

ጓደኛዬ ታዲያ በስልክ «የወሎ ገበሬ ጫቱን የሚያጠነክረው በምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ነበር። አጎቱ ሐይቅ አጠገብ ጫት ስላላቸው የምሄድበት ቤት አላጣሁም።

የሐይቅ ከተማ ለዓይን የምትጥል አይደለችም፤ ውበቱን ሁሉ ውኃው ወስዶታል። ወደ ውኃው ገባ ብሎ ባለው ምድር ላይ የእስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ነው። ከገዳሙ ማዶ፣ በተረተሩ ላይ፣ የመስጊዶች ጉልላት ይታያል። በመካከሉ የማሽላ፣ የበቆሎ፣ የሽንኩርትና የጫት ማሳ በጠጠር እርከን ተደርድሯል። ወሎን በአንድ እይታ ማየት የፈለገ ሰው እዚህ ቢቆም ይበቃዋል።

የጓደኛዬ አጎት ሽበት የወረራቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲናገሩ መሬት መሬት የሚያዩ ሰው ናቸው። በአካባቢው ወግ መጀመሪያ ቡና ተፈላ፤ አቦሉ ሳይጠጣ ጥያቄ የለም። ቶናው ላይ ስንደርስ ጠየቅኋቸው።

«አባቴ፣ ጠንካራው ጫት የቱ ነው?»

ሳቁ። «ልጄ፣ ጥንካሬውን የሚያውቀው የሚቅመው ነው። እኔ የማውቀው የጠጣውንና ያልጠጣውን ነው።»

ተነሥተው ወደ ማሳው ወሰዱኝ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ቀን ሙሉ ስለ ውኃ እንጂ ስለ ጥንካሬ አልተናገሩም።

ጫት ከዘር አይበቅልም ለማለት ይቻላል። ገበሬው ከምርጥ ግንድ ሥር የሚያቆጠቁጠውን ችግኝ ገንጥሎ ነው የሚተክለው፤ ስለዚህ ልጁ ቁርጥ እናቱን ይሆናል። ዴንቨር ውስጥ በመብራት ሥር የሚደረገውን ማባዛት የሐይቅ ገበሬ ስም ሳያወጣለት ሲሠራው ኖሯል። የተተከለው ችግኝ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ይቀነጠባል፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ይሰጣል። ትተውት ቢሄዱ ትልቅ ዛፍ ይሆናል። ቁመቱን ሰው አክሎ የሚያስቀረው መቀስና ማጭድ ነው። አንዳንዱ ቡቃያ ቀላ ያለ ነው፣ አንዳንዱ ነጣ ያለ አረንጓዴ። ቃሚዎች በዚህ ላይ ብዙ ይከራከራሉ፤ ባለ ማሳው ግን «ነጋዴው ዘንድሮ የጠየቀው» ብለው አለፉት።

ብልሃቱ ያለው በበጋ ነው። ክረምት ላይ ጫት የሌለው ሰው የለም፤ ዋጋውም ይወርዳል። ከኅዳር በኋላ ዝናቡ ሲጠፋ ውኃ ያለው ብቻ ለጋ ቅጠል ያወጣል። እሳቸው ማሳውን በተራ በተራ ከፋፍለው አንዱን ያስጠሙታል፣ አሮጌ ቅጠሉን ያራግፉለታል፣ ከዚያ በፓምፕ ያጠጡታል። የተጠማው ተክል ውኃ ሲያገኝ በአንድ ጊዜ ያቆጠቁጣል። የትኛው እርከን መቼ እንደሚደርስ በጭንቅላታቸው ይዘውታል፤ ረመዳን ሲመጣ ቃሚው ወደ ሌሊት ስለሚዞር ያንንም ይቆጥሩታል። የጓደኛዬ አለቆች በማብሪያ ማጥፊያ የሚያደርጉትን እሳቸው በነዳጅ ፓምፕና በትዕግሥት ያደርጉታል።

ጥንካሬውስ? ሳይንሱ ለጥያቄው ከፊል መልስ አለው። በጫት ውስጥ ሰውን የሚያነቃቃው ዋናው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ የተባበሩት መንግሥታት የዕፅ ላቦራቶሪ የለየው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ካቲኖን በብዛት የሚገኘው በለጋው ቅጠልና በቡቃያው ነው። ቅጠሉ ተቆርጦ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲን ወደሚባል በጣም ደካማ ወደሆነ ነገር ይለወጣል፤ ሁለት ቀን ያደረ ጫት ጥላው ብቻ ነው የቀረው ማለት ይቻላል። በኮባ ቅጠል የሚጠቀለለው እርጥበቱን እንዲይዝ ነው። የአይሱዙው ጡሩምባም ከዚሁ የመጣ ነው። ስለዚህ ከሐይቅ ዳር ከንጋት በፊት የተቀነጠበ ተራ ጫት፣ ከሩቅ አገር ትናንት ከተቆረጠ ስመ ጥር ጫት ይበልጣል። ደሴ ውስጥ ስለ ዝርያ የሚከራከሩትን ሰዎች ሰዓት ቢጠይቁ ይሻላቸው ነበር።

ጫት የሚቅመውን ሰው ሊያሳስበው የሚገባው ጉዳይ ግን እኔ እንደማየው ኃይሉ አይደለም። በአንደኛው እርከን ጥግ የመርጫ ጣሳ ተሰቅሏል። ተባይ ሲገባ ይረጫል። መድኃኒቱ ከተረጨ በኋላ ሳይቀነጠብ መቆየት ያለበት ቀን አለ፤ ነጋዴው ግን ነገ ነው የሚመጣው። በኢትዮጵያ ጫት ላይ ዲዲቲ የሚባለው ፀረ ተባይ ቅሪት እንደተገኘ የዘገቡ ጥናቶች አሉ። ዴንቨር ውስጥ ካናቢሱ ለሽያጭ ሳይቀርብ በላቦራቶሪ እንዲመረመር ሕጉ ያስገድዳል፤ እዚህ ቅጠሉ ከማሳ ወደ ጉንጭ የሚደርሰው በጥቂት ሰዓታት ነው፣ ብዙዎች አያጥቡትም። የጓደኛዬ አጎት «ለቤት የሚቃመውን አልረጨውም» አሉኝ። በግልጽ መናገራቸውን ወደድኩላቸው፤ የተናገሩትን ግን አልወደድኩትም።

ከጫቱ ጎን ሁለት እርከን ማሽላ አለ። ለምን ይህንንም ጫት አላደረጉትም ስላቸው የመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። «በሰባ ሰባት ልጅ ነበርኩ» አሉ። ወሎ ውስጥ ከዚያ በላይ ማብራራት አያስፈልግም። ቀጥለው ግን የቅርቡን ነገሩኝ፦ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መንገድ ተዘጋ። ጫቱ ደርሶ ነበር። ገዢ የለም፣ መኪና የለም፤ ቅጠሉ ግንዱ ላይ አርጅቶ ቀረ። «ብር ነው ያልነው ነገር ለፍየል ሆነ። የበላነው ይህንን ነው» ብለው ማሽላውን በእግራቸው ጫፍ አሳዩኝ። ጎረቤቶቻቸው ማሽላቸውን ነቅለው ጫት ተክለዋል። በማሽላና በጫት መካከል ያለው የገቢ ልዩነት ትልቅ ስለሆነ አይፈረድባቸውም። እኔ ግን የሽማግሌው ሒሳብ ያሳምነኛል፤ ማሽላ ጎተራ ገብቶ ዓመት ይጠብቃል፣ ጫት ግን ለነገ ወዲያ የማይሆን ሀብት ነው።

በማግስቱ ወደ ቢስቲማ ወጣሁ። መንገዱ በሐርዲቦ በኩል ነው። ሐርዲቦ የሐይቅ ታናሽ ሐይቅ ናት፤ ከፍ ብላ በተራሮች መካከል ተቀምጣ ውኃዋን በአንከርካ ወንዝ ወደ ታች ትልካለች። ውበቷን ለመናገር ጊዜ አላጠፋም፤ የሄደ ያየዋል። ቢስቲማ ባለችበት በወረባቦ ወረዳ ጫት በብዛት አለ። ቢስቲማ ላይ ከሰዓት በኋላ የመንገዱ ዳር ሁሉ በኮባ ጥቅልል ይሞላል፤ ሻጮቹም ባብዛኛው ሴቶች ናቸው። እርጥብ ጆንያ ገለጥ አድርገው፣ ለጋውን ወደ ላይ አውጥተው፣ ያረጀ ቅጠሉን ከሥር ይደብቁታል።

ማታ ወዳጃ፣ ማለትም ሰው ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት የወሎ ወግ፣ ወዳለበት ቤት ተጋበዝኩ። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይንተከተካል፣ ጫቱ መሐል ላይ በሰፌድ ቀርቧል፤ ማንም ግን እጁን አይዘረጋም። መጀመሪያ ሼሁ ዱዓ ያደርጋሉ፦ ለታመመ፣ ለመንገደኛ፣ ለዝናብ፣ ለተጣሉ ጎረቤታሞች። ሁሉም እጁን ዘርግቶ «አሚን» ይላል። ከዚያ ጫቱ በዕድሜ ቅደም ተከተል ይታደላል፣ መንዙማው ይጀምራል። አንድ ወጣት ከድርሻው ላይ ለጋ ለጋውን ሲለቅም ከጎኑ ያሉት አዛውንት እጁን ያዝ አደረጉት። «ልጄ፣ ይህ ለመንቂያ ነው እንጂ ለመክነፊያ አይደለም» አሉት። ወጣቱ አቀርቅሮ ፈገግ አለ፣ ቅጠሉንም አልመለሰም።

በዚህ ምድር ጫት አዲስ ነገር አይደለም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመነ መንግሥት፣ የይፋቱ ገዢ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዤ ጫት እተክልባታለሁ ብሎ እንደዛተ የንጉሡ ዜና መዋዕል ጽፏል። ይህንን ለሼሁ ስነግራቸው ጢማቸውን አሻሽተው «ተከለ?» አሉኝ። አልተከለም፤ ተሸንፏል። «እንግዲያው ሌላ ሰው ተክሎለታል» ብለው ቤቱን አሳቁት። እውነታቸውን ነው፤ ዛሬ ክርስቲያኑም እስላሙም ይተክላል፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ይቅማል። ወዳጃ የሌለው መቃም ግን ሌላ ነገር ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ሥራ ያጣ ወጣት ከምሳ እስከ ማታ የሚቀመጥባቸው ክፍሎች ውስጥ ዱዓ የለም፣ ለጋውን ለቅመህ አትውሰድ የሚል አዛውንትም የለም። ከምርቃናው በኋላ ለመተኛት መጠጥ ይፈለጋል፣ ለመጠጡ ገንዘብ ይፈለጋል። ወላጆች የሚያማርሩት ይህንን ነው። በወዳጃው ስም ይህን ሁሉ «ባህላችን ነው» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል።

ስመለስ መኪናችን አንከርካን ተከትሎ ሲወርድ የመንገዱ ዳር በሰው ተሞልቶ አገኘነው። ጠብ መስሎን ነበር፤ የውኃ ተራ ነው። ከላይ ያለው ገበሬ ለጫቱ ቦዩን ከፍቶታል፣ ከታች ያለው ሽንኩርት ይዟል፣ ተራው የእኔ ነው ይላል። በመካከላቸው የውኃ አባት ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ፤ ጫት ያለው ነጋዴ ቀብድ ሰጥቶኛል ይላል፣ ሽንኩርት ያለው ተበድሬ ነው የዘራሁት ይላል። ሾፌራችን ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ ማዳመጥ ጀመረ፤ ተሳፋሪውም ተከተለው፤ ሁሉም አስተያየት ነበረው።

የውኃ አባቱ እስኪጨርሱ ጠብቀው «ሽንኩርቱ አሁን ይጠጣል፣ ጫቱ ማታ» አሉ።

«ማታማ ውኃው ይቀንሳል፣ አባቴ» አለ ባለ ጫቱ።

«ሌሊቱም የአንተ ነው፤ አካፋህን ይዘህ እደር» አሉት።

ሰውየው እያጉረመረመ ቦዩን በሣርና በጭቃ ደፈነው። ከታች ያለው ሮጦ ወደ ሽንኩርቱ ሄደ። ሾፌራችን ፍርዱ ትክክል አይደለም እያለ ሞተሩን አስነሣ፤ ለካ እሱም ወረባቦ ውስጥ ጫት አለው።